ለዞን እንመርጣለን እንዴ? የክልልና የአካባቢ ምርጫ ለሰሜን ሸዋ መራጭ

የእነዋሪ ሰው | ሰኞ፣ ምሽት 2:10

ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን ከዕድር እስከ ገበያ ወሬው ምርጫ ነው። ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙ ግን እያንዳንዱ የሚያወራው ስለሌላ ምርጫ ነው። አንዱ «የሚሰጠን ወረቀት ሁለት ነው» ይላል። ሌላው የቀበሌ፣ የወረዳ፣ የዞንና የክልል ተብሎ አራት ነው ብሎ ይምላል። ሦስተኛው ደግሞ ርዕሰ መስተዳድሩን በቀጥታ የምንመርጠው እኛ ነን ባይ ነው።

ማን ይሻላል የሚል ክርክር እዚህ አትክፈቱብኝ፤ ለእሱ ሌላ ክር አለ። እኔ የምፈልገው ለመራጩ የሚጠቅመውን ነው። ስንት ወረቀት ይሰጣል? ለዞን እንመርጣለን ወይ? በክልሉ ወረቀት ላይ ከአንድ ሰው በላይ ማመልከት ይቻላል የሚባለውስ? መታወቂያው ላይ ስሙ አጥሮ የተጻፈ ሰው ምዝገባ ላይ ምን ይገጥመዋል? የምታውቁ ዘርዝራችሁ ጻፉ።

መዝገቡ | ሰኞ፣ ምሽት 2:55

ግማሹ ግራ መጋባት የመጣው ከአንድ ቃል ነው። «ክልል» ስንል አማራ ክልልን ማለታችን ነው። «የምርጫ ክልል» ግን ሌላ ነገር ነው፦ ለአንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ፉክክር የሚደረግበት አካባቢ ነው፤ የሚሰመረውም ወረዳን መሠረት አድርጎ ነው። ሰው «የክልል ምርጫ» ሲል የትኛውን እንደሆነ መልሳችሁ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ራሱም አልለየውም።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ በየ5 ዓመቱ የሚደረገው ጠቅላላ ምርጫ ነው። በዚያ ቀን ሁለት ወረቀት ይሰጣችኋል። አንደኛው አዲስ አበባ ለሚቀመጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ 547 ወንበር አለው፣ ከዚያ ውስጥ የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። ሁለተኛው ባሕር ዳር ለሚቀመጠው የአማራ ክልል ምክር ቤት ነው፤ ወንበሩ 294 ነው። በቃ። በጠቅላላ ምርጫ ቀን ሦስተኛ ወረቀት የለም።

ርዕሰ መስተዳድሩን በቀጥታ አንመርጥም። የክልሉ ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል ይመርጠዋል። አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ወይም ጥምረት መንግሥት ይመሠርታል፤ በፌዴራልም እንዲሁ ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚወጣው ከተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ሰው «ለእገሌ ርዕሰ መስተዳድርነት ድምፄን ሰጠሁ» ሲል በተዘዋዋሪ ማለቱ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የሚያገኘው በራሱ የምርጫ ክልል የቀረቡትን እጩዎች ብቻ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትንም የሚልከው ይኸው የክልል ምክር ቤት ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት ምክር ቤቱ ራሱ ሊመርጣቸው ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ሊያደርግ ይችላል። ሰው ሁለተኛውን ወረቀት ችላ የሚለው ይህን ስለማያስብ ይመስለኛል።

ቆላማው ከቀወት | ሰኞ፣ ምሽት 3:20

ጋሼ መዝገቡ፣ የዞኑን ነገር ዘለሉት። ከከሚሴ የመጣ ሰው «እኛ የዞን ምክር ቤት አለን» ሲል ሰምቻለሁ። ከአጣዬ ወደ ከሚሴ እኮ ቅርብ ነው፤ እንዴት እነሱ ኖሯቸው እኛ ሳይኖረን ቀረ?

መዝገቡ | ሰኞ፣ ምሽት 3:41

የከሚሴው ሰውዬ አልዋሸም። በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች የብሔረሰብ አስተዳደሮቹ ናቸው፦ አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን። ከሚሴ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ሰሜን ሸዋ፣ ደቡብ ወሎ፣ ሰሜን ጎንደርና ሌሎቹ ግን ክልሉ ሥራውን ለማቀላጠፍ የዘረጋቸው የአስተዳደር እርከኖች ናቸው። ደብረ ብርሃን ያለው የዞን አስተዳደር የክልሉ እጅ ነው፤ አስተዳዳሪው በክልሉ መንግሥት ይሾማል፣ እኛ የምንመርጠው ምክር ቤት ከሥሩ የለም። አርጎባ ደግሞ ልዩ ወረዳ ስለሆነ ዞን ሳይኖረው የራሱ ምክር ቤት አለው።

በተግባር ምን ማለት ነው? በዞን ደረጃ ቅሬታ ያለው ሰው በምርጫ የሚቀጣው ዞኑን አይደለም። ዞኑን የሚሾመው ክልሉ ስለሆነ መልሱ ያለው በሁለተኛው ወረቀት ላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦ ኢንተርኔት ላይ «ሰሜን ሸዋ» ብላችሁ ስትፈልጉ ፍቼ ላይ የሚቀመጠው በኦሮሚያ ክልል ያለው ሰሜን ሸዋ ዞንም ይመጣባችኋል። የእጩ ዝርዝር ወይም የምርጫ ክልል ዝርዝር ስታዩ መጀመሪያ ክልሉን ተመልከቱ። ጅሩንና ደገምን አንድ ላይ አድርገው ሲያጋሩ ይታያል።

እትዬ ደብረ ሲና | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

የወረዳና የቀበሌውን ማንም አልመለሰ። «አራት ወረቀት» የሚለው ሰው ትዝታው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ ግን ለአካባቢ ምርጫ የተለየ ቀን ነው የሚያዘው። የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ «የአካባቢ ምርጫ» ይባላል፤ ከጠቅላላ ምርጫው ጋር በአንድ ቀን አይደረግም። የመጨረሻዎቹ ሁለት የአካባቢ ምርጫዎች የተደረጉት በ2000 ሚያዝያ 5 እና 12፣ እንዲሁም በ2005 ሚያዝያ 6 እና 13 ነው። ሁለቱም ጊዜ በሳምንት ልዩነት በሁለት እሑድ ነበር። ሰው «ሁለት ጊዜ ተሰለፍን» የሚለው ለዚህ ነው። ቀጣዩ በ2010 መሆን ነበረበት፤ የተወካዮች ምክር ቤት መጀመሪያ በ2010 ቀጥሎም በ2011 አራዘመው። በሰኔ 14/2013ቱ ምርጫ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ ምክር ቤቶች ሲካተቱ የእኛ ወረዳና ቀበሌ አልተካተቱም።

በ2000 በመላ አገሪቱ የነበረው የአካባቢ ወንበር ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበር። ቁጥሩ የሚያስደነግጠው የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ብቻውን እስከ 300 ሰው እንዲይዝ ስለተደረገ ነው። ይህን ሁሉ ወንበር የሚሞላ እጩ ማቅረብ ለትንሽ ፓርቲ የማይታሰብ ነው። አደረጃጀቱ ራሱ ፉክክሩን አዳክሞታል ባይ ነኝ።

ሥልጣናቸውን ግን አትናቁት። የወረዳ ምክር ቤት የወረዳውን ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ አስተዳዳሪውን ከአባላቱ ይመርጣል። ክልሉ የሚልከው ድጎማ በጀት ለውኃ ይሁን ለመንገድ ጥገና ወይስ ለጤና ጣቢያ የሚለው የሚወሰነው እዚያ ነው። የቀበሌ ምክር ቤት የቀበሌውን አስተዳዳሪ ይመርጣል፤ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኞችም ሹመታቸው ከእሱ ነው። የድንበር ክርክርና ትንንሽ የገንዘብ ክስ ይዛችሁ የምትሄዱበት ፍርድ ቤት ማለት ነው። ከተማ ላይ ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ከንቲባውን ይመርጣል።

ጣርማበር ዋሻው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:15

በክልሉ ወረቀት ላይ ስንት ሰው እናመልክት ለሚለው ልመልስ፤ ድምፅ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ።

ለተወካዮች ምክር ቤት በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ወንበር ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ምልክት፣ ለአንድ ሰው። ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ለምሳሌ 1,000 ድምፅ ቢሰጥና ሦስት እጩዎች 420፣ 350 እና 230 ቢያገኙ 420 ያገኘው ገባ፤ ሁለተኛ ዙር የለም። 580 ሰው አልመረጠውም ብሎ መከራከር በዚህ ሥርዓት ዋጋ የለውም።

የክልል ምክር ቤቱ ይለያል። 294 ወንበር ለ138 የምርጫ ክልል ሲካፈል ለአንዱ በአማካይ ከ2 ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ የምርጫ ክልል ለክልል ምክር ቤት ከአንድ በላይ ተወካይ ሊኖር ይችላል፤ መራጩም እስከዚያ ወንበር ቁጥር ድረስ ማመልከት ይችላል። ወንበሩ 2 ከሆነ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ ይገባሉ። 2 በሚባልበት 3 ካመለከታችሁ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ዋጋ አልባ ይሆናል፤ «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቁጠሩልኝ» የሚባል ነገር የለም። ማነስ ግን አያበላሽም፤ 2 ተፈቅዶ 1 ብቻ ብታመለክቱ ያቺ አንዷ ትቆጠራለች።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። አንድን እጩ ከልባችሁ የምትፈልጉ ከሆነና ሁለተኛውን ዝም ብላችሁ ወረቀቱ እንዳያፍር ብላችሁ ብታመለክቱ፣ ያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን በአንድ ድምፅ ሊበልጠው ይችላል። በገዛ እጃችሁ ወዳጃችሁን ጣላችሁ ማለት ነው። ሁለተኛውን የማትፈልጉት ከሆነ ተዉት።

የእነዋሪ ሰው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:05

ጣርማበር፣ ይሄ ብቻውን ክሩን አዋጣው። ሽማግሌዎቹ ጋ «ወረቀቱ እንዳያፍር» የምትለዋን በደንብ ይረዷታል። ብዛቱን መራጩ ከየት ያውቃል?

ጣርማበር ዋሻው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:12

ወረቀቱን ከመውሰዳችሁ በፊት አስፈጻሚውን «ለክልሉ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መንገር ግዴታው ነው። ማንን ብሎ ሊነግራችሁ አይችልም፣ ስንት ብሎ ግን ይነግራችኋል። ፊደል ለማያነብ ሰው ይህች ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች።

ሞላሌ 3000 ሜትር | ማክሰኞ፣ ቀን 6:40

ምዝገባውን ልውሰድ። በምርጫው ቀን የሚመለስ ሰው ሁሉ የሚመለሰው በምዝገባ ስህተት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በአዋጅ 1162/2011 መሠረት የሚመዘገበው ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ሰው ነው። 6 ወሩ ላይ ቁሙ። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ከገባ 4 ወር የሆነው ሰው ደብረ ብርሃን አይመዘገብም፤ ቦታው መሐል ሜዳ ነው። የቀን ሥራ ፍለጋ አረርቲ ወርዶ የከረመም እንዲሁ። «መታወቂያዬን ቀይሬያለሁ» ማለት 6 ወሩን አያሟላም፤ የሚታየው መታወቂያው የወጣበት ቀን ሳይሆን የኖሩበት ጊዜ ነው። ሁለት ቦታ መመዝገብ ወንጀል ነው፤ ሳያስቡ የሚገቡበት ሰዎችም ብዙ ጊዜ እነዚሁ ቦታ ለውጠው ሁለተኛ ካርድ የሚያወጡ ናቸው።

የማይመዘገቡት ጥቂት ናቸው፦ በአእምሮ ሕመም ምክንያት መወሰን የማይችል፣ ተፈርዶበት እስራት ላይ ያለ እና የመምረጥ መብቱ በሕግ የተገደበ። ለወታደሮች፣ ለተፈናቃዮችና ለከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተማሪዎች ልዩ ጣቢያ ሊቋቋም ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ ያላችሁ ይህን ንገሩት፣ ለአንድ ቀን ምርጫ ብሎ መንዝ ድረስ እንዳይሳፈር።

ማስረጃው የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ነው፤ ከሌለ ሌላ ማንነት የሚያሳይ ሰነድ ይታያል። ገጠር ላይ ሰነድ የሌለው ሰው የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ሊመሰክሩለት ይችላሉ። መታወቂያ የላትም ተብላ የተመለሰች እናት ካለች ይህንኑ ጠቅሳችሁ ይዛችኋት ተመለሱ።

አሁን የስሙ ነገር። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ በእኛ አካባቢ ስም ማሳጠር ልማድ ነውና። መታወቂያው «ወ/ማርያም» ይላል፣ መዝገቡ «ወልደማርያም»። ወይም መታወቂያው «ኃይሌ»፣ መዝገቡ «ሀይሌ»። ወይም «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»። መዝጋቢው ሰው ነው፣ የሰማውን ይጽፋል። ይህ ብቻውን ሰውን ከመምረጥ አይከለክልም፤ የሚያጓትተው ፍለጋውን ነው። በምርጫ ቀን አስፈጻሚው «ወ/ማ» ላይ ጣቱን እያንሸራተተ ሲፈልግ ከኋላ ሰልፉ ይንጫጫል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ስትመዘገቡ መዝጋቢው የጻፈውን እዚያው አንብቡ ወይም አስነብቡ፤ ካርዱ ላይ ያለው የአባትና የአያት ስም ከመታወቂያው ጋር ይመሳከር። ካርዱ ላይ ያለችውን ተራ ቁጥር ደግሞ በቃላችሁ ያዙ። ስም ሲጠፋ ቁጥር ያስገኛል።

ምዝገባው ሲዘጋ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ሰው አይሄድም። ሂዱ። ስማችሁ መኖሩን፣ የሞተ ሰው ስም አለመኖሩን፣ የማታውቁት ሰው በመንደራችሁ ስም አለመመዝገቡን የምታዩበት ብቸኛ ጊዜ ነው። በምርጫው ማግስት መጮህ ዋጋው ያነሰ ነው።

ቆላማው ከቀወት | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:20

ሞላሌ፣ ጣቢያ መሳሳትንም ጨምርበት። በ2013 አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው እስከ 1,500 ሰው ነበር፤ ከዚያ ሲያልፍ ሌላ ጣቢያ ይከፈታል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለትና ሦስት ጣቢያ ጎን ለጎን ይሆናል። ሰው በተመዘገበበት ጣቢያ ብቻ ነው የሚመርጠው። አጭር ሰልፍ አይቶ የተሰለፈ ሁለት ሰዓት ቆሞ «ስምዎ እዚህ የለም» ይባላል። ካርዱ ላይ የጣቢያው ስም ተጽፏል፤ ግቢው በር ላይ እሱን አይቶ መግባት ነው።

መዝገቡ | ማክሰኞ፣ ምሽት 1:50

የ1,500ውን ሒሳብ እንሥራው። ጣቢያው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው፤ 720 ደቂቃ። 1,500 ሰው ሙሉ ቢመጣ ለአንድ ሰው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። በሰኔ 14/2013 ሰልፉ ስላላለቀ ምርጫ ቦርድ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 አራዘመው። 12 ሰዓት ሲሞላ ሰልፍ ላይ የነበረ ሰው ይመርጣል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አይገባም። ስለዚህ ሰልፉ ረዘመ ብላችሁ በ11 ሰዓት ተኩል ትታችሁ አትሂዱ።

ከዚያ በፊት የነበሩት ጠቅላላ ምርጫዎች ግንቦት ላይ ነበሩ፦ ግንቦት 7/1997፣ ግንቦት 15/2002፣ ግንቦት 16/2007። የ2013ቱ ሰኔ የገባው መጀመሪያ ለነሐሴ 23/2012 ተይዞ በኮሮና ተራዝሞ፣ እንደገና ከግንቦት 28/2013 ስለተገፋ ነው። ሰኔ በደጋው ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም። ጭጋግ፣ ጭቃ፣ ከቀትር በኋላ ዝናብ። ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት በጠዋቱ ይውጣ፤ ለአረጋውያን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ መስጠት ደንብ ነው፣ ሰልፉን አልፈው ለአስፈጻሚው ይንገሩ። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሉት፤ የራሰ ካርድ ላይ ቁጥር አይነበብም።

ጣርማበር ዋሻው | ማክሰኞ፣ ምሽት 2:30

ከበሩ እስከ ኮሮጆው ያለውን ልጻፍ።

ጠዋት ምርጫው ሳይጀመር ኮሮጆዎቹ ባዶ መሆናቸው ለወኪሎችና ለታዛቢዎች ይታያል፤ ከዚያ ቁጥር ባለው ማሸጊያ ይታሸጋሉ፣ ቁጥሩም ይመዘገባል። በጠዋት ከደረሳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ስትገቡ መጀመሪያ ጣታችሁ ይታያል፤ ቀለም ካለበት መርጠዋል ማለት ነው። ካርድና መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ስማችሁ በመዝገቡ ይፈለጋል፣ ትፈርማላችሁ ወይም አሻራ ታደርጋላችሁ። ጣታችሁ በማይለቅ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች ይሰጧችኋል። ወደ ምስጢራዊው ክፍል ብቻችሁን ትገባላችሁ፣ በፈለጋችሁት እጩ ምልክት አጠገብ የኤክስ ምልክት ታደርጋላችሁ ወይም በአሻራ ትመርጣላችሁ። አጥፋችሁ ወጥታችሁ እያንዳንዱን በየራሱ ኮሮጆ ትከታላችሁ። የክልሉን በተወካዮች ኮሮጆ አትክተቱ፤ ቆጣሪዎቹን ሌሊቱን ያደክማል።

አሁን አሻራው። ወረቀት በቀለም የሚበላሸው እንዴት እንደሆነ ልብ በሉ። ሰውዬው አውራ ጣቱን ስታምፑ ላይ አጥብቆ ይጭናል፣ ቀለሙ ይበዛል፣ ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፈው ከሳጥኑ መስመር አልፎ ወደሚቀጥለው እጩ ይፈስሳል። ወይም ሳይደርቅ መሐሉን ያጥፈዋል፤ ቀለሙ በተቃራኒው ገጽ ባለው ሌላ እጩ ላይ ይታተማል። ቆጣሪው ሲፈታው ሁለት ምልክት ያያል። ልምድ ያለው ቆጣሪ የታተመችዋን ከዋናዋ በድምቀቷ ይለያታል፤ ግን በጭቅጭቅ ለምን ይለይላችሁ? ጣቱን ቀለሙ ላይ ቀለል አድርጎ ማሳረፍ፣ ትርፉን በጨርቅ ማበስ፣ በሳጥኑ መሐል አንድ ጊዜ ብቻ መጫን፣ አስር እስትንፋስ ያህል ጠብቆ ማጠፍ። ሲያጥፉም ምልክቱ ያለበት ክፍል ባዶ ገጽ ላይ እንዲያርፍ።

ከተበላሸባችሁ አትደንግጡ። ኮሮጆ ውስጥ ሳይገባ ለአስፈጻሚው መልሱትና ሌላ ጠይቁ፤ አሮጌው «የተበላሸ» ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። ኮሮጆ ከገባ አለቀ።

ስም መጻፍ፣ መፈረም፣ «ጎበዝ» ብሎ ማከል ወረቀቱን ያበላሻል፤ ማንነትን ስለሚያሳውቅ። ወረቀቱን በስልክ ማንሳትም ክልክል ነው። «ፎቶ አምጡ» የሚል ሰው ካለ ድምፃችሁን እየገዛ ወይም እያስፈራራ ነውና ለአስፈጻሚው ንገሩት።

እትዬ ደብረ ሲና | ማክሰኞ፣ ምሽት 2:58

እኔ ልጨምር፣ ወንዶቹ የማያነሱትን። አባወራ ለቤቱ ሁሉ አይመርጥም። «የሚስቴን ካርድ ይዣለሁ፣ እሷ ከብት ላይ ናት» አይሠራም። ውክልና በምርጫ የለም፤ ሁሉም በራሱ እግር ይመጣል። ማየት ለተሳነው ወይም እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ግን ራሱ የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። ረዳቱ እጩ፣ የፓርቲ ወኪል፣ ታዛቢ ወይም አስፈጻሚ መሆን የለበትም። ልጇን፣ ጎረቤቷን፣ የንስሐ አባቷን ብትመርጥ የእሷ ጉዳይ ነው። «እኛ እናግዝዎት» ብሎ ከጠረጴዛው የሚነሳን ሰው «የራሴ ሰው አለኝ» ማለት መብት ነው።

ሴቶችን ካነሳሁ አይቀር፣ ከምርጫው 4 ቀን በፊት ቅስቀሳ ይቆማል። በእነዚያ ቀኖች ቤት ለቤት እየዞረ ቡና ላይ የሚሰብክ ሕግ ጥሷል።

የእነዋሪ ሰው | ማክሰኞ፣ ምሽት 3:30

ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ «ካርድ ያላወጣ ማዳበሪያ አይደርሰውም» የሚል ወሬ አለ። ሁለተኛ፣ ካርዳቸውን «ለማጣራት» ብሎ የሰበሰበባቸው ሰው እንዳለ የሚያወሩ አሉ።

መዝገቡ | ማክሰኞ፣ ምሽት 3:52

ማዳበሪያና ካርድ አይገናኙም። መመዝገብ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ሴፍቲኔትም፣ ማዳበሪያም፣ የመሬት ደብተርም በምርጫ ካርድ አይጠየቅም። ድምፁ ምስጢር ስለሆነ ደግሞ ማን ለማን እንደመረጠ ከቀበሌ እስከ ባሕር ዳር የሚያውቅ የለም፤ ራስ ካልተናገሩት።

ካርድ ለመሰብሰብ ማንም ሥልጣን የለውም፣ ካርዱ የመራጩ ነው። ተወስዶባችሁ ወይም ጠፍቶባችሁ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደተመዘገባችሁበት ጣቢያ ሂዱ፤ ስማችሁ መዝገቡ ላይ ካለ ምትክ ጠይቁ።

የቅሬታው መሰላል እንዲህ ነው፦ በየጣቢያው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፣ ከእሱ በላይ በምርጫ ክልሉ ደረጃ አለ፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። ቅሬታ በቃል አይሁን። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የጣቢያው ስም፣ የሆነው ነገር በሦስት መስመር ተጽፎ ይገባ፤ ቅጂው ላይ መቀበሉን ያስፈርሙ። ኮሚቴውም ሲከለክል ውሳኔውን በጽሑፍ ይስጥ በሉ። ላይኛው እርከን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ወረቀት ነው፤ ብዙ እውነተኛ አቤቱታ የወደቀው ባዶ እጅ ስለተሄደ ነው።

ሞላሌ 3000 ሜትር | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:10

መሣሪያም ይነሳ። በእኛ አገር ጠብመንጃ ይዞ መሄድ እንደ በትር የሚቆጠርበት ቦታ አለ። በምርጫ ጣቢያ ዙሪያ ግን ከተመደበው የጸጥታ ኃይል በቀር መሣሪያ ክልክል ነው። የፓርቲ ምልክት ያለበት ቲሸርትና ኮፍያም እንዲሁ። ቤት ይቅር።

ቆላማው ከቀወት | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:00

ቆጠራውስ? ኮሮጆ ይገለበጣል የሚባለው የት ላይ ነው የሚሆነው?

ጣርማበር ዋሻው | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:45

ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ፣ ምርጫው እንዳበቃ ይጀመራል። ኮሮጆው ሳይቆጠር ወደ ወረዳ አይሄድም። «እዚህ ጨለማ ነው፣ ከተማ ወስደን እንቆጥራለን» ከተባለ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ፋኖስም ባትሪም ቀድሞ ይዘጋጅ።

መጀመሪያ የሚቆጠረው በመዝገቡ ላይ የፈረመው ሰው ብዛት ነው። ከዚያ ጥቅም ላይ ያልዋለውና የተበላሸው ወረቀት። ኮሮጆው ተከፍቶ ውስጡ ያለው ወረቀት ብዛት ከፈራሚው ብዛት ጋር ይመሳከራል። 812 ሰው ፈርሞ 860 ወረቀት ከወጣ 48ቱ ከየት መጡ? ይህን መጠየቅ የሚችለው እዚያ የተቀመጠው ወኪል ነው፤ ቁጥሩን ማስታወሻው ላይ ያልያዘ ወኪል ተቀምጦ እንዳልተቀመጠ ይቆጠራል። ከዚያ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ እየተነበቡ ለየእጩው ይደረደራሉ፣ ዋጋ አልባ የሆኑት ለብቻ ይሆናሉ። ውጤቱ በቅጽ ይሞላል፣ አስፈጻሚዎችና ወኪሎች ይፈርሙበታል። ያልተስማማ ወኪል ምክንያቱን ያስጽፍ፤ ዝም ብሎ ሳይፈርም መሄድ ለእጩው አይጠቅመውም።

ቅጂው ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል። ከጣቢያ ወደ ምርጫ ክልል ይሄዳል፣ እዚያ ተደምሮ እንደገና ይለጠፋል፣ ከዚያ ቦርዱ ያጸድቃል። በ2013 ምርጫው ሰኔ 14 ተደርጎ ቦርዱ ውጤቱን የገለጸው ሐምሌ 3 ነበር። በመሐል ያሉት 19 ቀናት ለወሬ ይበቃሉ፤ ስለዚህ ፌስቡክ ላይ ከሚዞረው ይልቅ የየጣቢያውን በር ተመልከቱ።

የእነዋሪ ሰው | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:20

በር ላይ የሚለጠፈው ግን በሰኔ ዝናብ ስንት ሰዓት ይቆያል?

ጣርማበር ዋሻው | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:26

ጣራው ያጠረ ከሆነ እስከ ንጋት ላይቆይ ይችላል። ሌሊቱን እንደተለጠፈ አራቱም ጠርዝ፣ ፊርማውና ማኅተሙ እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ አንሱት። የተለጠፈ ውጤትን ማንሳት ክልክል አይደለም፤ የተከለከለው በምስጢራዊው ክፍል ውስጥ ያለው ነው።